የፈረሱ አንገት ላይ ያለው ቀለበት

ሀብተየስ ባዶ መስመር አይወድም ነበር። ቅጽ ከተሰጠው ከላይ እስከ ታች ይሞላዋል። የሚጻፍ ነገር ካጣ "የለም" ብሎ ይጽፋል እንጂ ነጭ ቦታ ትቶ ማህተም አያሳርፍም።

ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገለ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። የከተማው ሰው ግን "ዶክተር" ይለዋል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት "ረዳት ነኝ" እያለ ያርም ነበር። አንድም ሰው አልታረመም፤ ተወው። አባቱ ወታደር ሆነው መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እሱ ጅጅጋ ተወለደ፤ ሶማሊኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሲራገጥ ለመደው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶታል። እስከዚያ ድረስ ስሙ በአንድም ወረቀት ላይ በክፉ ሳይነሳ መውጣት ነበር ሐሳቡ።

ባጃጅ ገና ከተማዋን አላጥለቀለቃትም። ሰው የሚሄደው በፈረስ ጋሪ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የጋሪ ፈረሶች ሁሉ ይከተቡ ተባለ። ለተከተበ ፈረስ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ላይ የባለቤት ስም፣ ጾታ፣ ቀለምና ዕድሜ ይሞላል። የመጨረሻው መስመር "ልዩ ምልክት" ይላል።

ሀብተየስ ጠረጴዛውን መስኮቱ ስር አድርጎ ተቀመጠ። መርፌውን የሚወጋው ሌላ ሰው ነበር። እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ በመስኮቱ እያየ ይጽፋል። እስከ ቀትር አምሳ ሦስት ፈረስ ጻፈ። አርባ አንደኛው ደሃቦ የምትባል ጋሪ ነጂ ያመጣችው ነበር። ዳማ፣ ወንድ፣ ስምንት ዓመት። ቀና ብሎ አየ። ፈረሱ የቆመው ዐሥራ ሁለት ርምጃ ርቆ ነው። በግራ አንገቱ ላይ፣ ከጋማው ዝቅ ብሎ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ነገር አለ። "በግራ አንገት፣ ክብ የቆየ ጠባሳ" ብሎ ጻፈ። ማህተሙን አሳረፈ። "ቀጣይ" አለ።

ደሃቦ ካርዱን ተቀብላ በላስቲክ ጠቀለለችው። ማንበብ አትችልም። ማህተሙ ሰማያዊ እንደሆነ ግን አይታለች፤ ያ በቂ ነበር። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከደገሀቡር ገበያ የገዛውን ፈረስ፣ ጋሪውንና ሦስት ሴት ልጆች ትቶላት ሄደ። ጋሪውን ራሷ ትነዳለች። በመጀመሪያው ወር ሌሎቹ ጋሪ ነጂዎች "ፈረሱ ወጥ ይችላል?" እያሉ ያሾፉባት ነበር። "እናንተን ከመቻል ወጥ መቻል ይቀለዋል" ብትላቸው ተዉአት።

ከክትባቱ ሦስት ሳምንት በኋላ ከከብት ገበያው ደጃፍ አንድ ሰው ጫነች። ሱጉሌ ይባላል። ቱሊ ጉሌድ አካባቢ ግመልና በግ ያረባል። ስልሳን ያለፈ፣ ረጅም፣ ጺሙን በሂና ቀይ ያደረገ ሰው ነው። በግራ በኩል ከፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ ስለ በግ ያወራ ነበር፤ መንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ንግግሩን አቋረጠ። ሲወርድ ወደ ፈረሱ ሄዶ ልጓሙን ያዘ።

"አዴር" አለችው ደሃቦ። በሶማሊኛ ለአጎት የሚባል ነው፤ ለማያውቁትም ሽማግሌ ይባላል። "ውረድ አልኩህ እንጂ ልጓም ያዝ አላልኩህም።"

"ይህ ፈረስ የኔ ነው።"

"በየት በኩል?"

"በግራ በኩል" አለ ሱጉሌ፣ አንገቱን እያሳየ።

በዚያ አገር ግመል ለምልክት በጋለ ብረት ይተኮሳል። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ምልክት አለው፣ ምልክቱም የራሱ ቦታ አለው፤ አንዱ በታፋ፣ አንዱ በጉንጭ። ውሃ ጉድጓድ ዳር ምልክቱን ያየ ሰው ግመሉ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። ፈረስ የሚተኩስ ግን ጥቂት ነው። የሱጉሌ ቤተሰብ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበር። ምልክታቸው ቀለበት ነው፤ ግራ አንገት ላይ፣ ከጋማው ዝቅ ብሎ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በድርቁ ጊዜ፣ ሱጉሌ ዳማ ፈረስ ጠፍቶበት ነበር። አፍደም ድረስ ሄዶ ፈልጎ አጥቷል።

ነገሩ ሃጂ ማሃሙድ ዘንድ ደረሰ። ሃጂ ማሃሙድ በወጣትነታቸው የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። አሁን በቆርቆሮ ጥላ ስር ከሻይ ቤቱ ጎን ተቀምጠው የሰው ጠብ ይዳኛሉ። ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ብዙ አይናገሩም። ሃጂው አማርኛ ያነባሉ።

"የፈረሱ ባለቤት እንደሆንሽ ማስረጃ አለሽ?" አሏት ደሃቦን።

ደሃቦ ይህን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር። ላስቲኩን ፈትታ ካርዱን ሰጠቻቸው። "የመንግሥት ወረቀት ነው። ማህተም አለው" አለች፣ ወደ ሱጉሌ እያየች።

ሃጂ ማሃሙድ መነጽራቸውን አደረጉ። ስሟን አነበቡ፤ ደሃቦ ራሷን ነቀነቀች። ዳማ አሉ፤ ነቀነቀች። ወንድ አሉ፤ ነቀነቀች። የመጨረሻውን መስመር አንድ ጊዜ በልባቸው፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ወደ ሶማሊኛ መለሱት። በግራ አንገት፣ ክብ፣ የቆየ ጠባሳ።

ደሃቦ ራሷን መነቅነቅ ጀምራ አቆመች።

"ይህን ወረቀት ይዘሽ ነይ ያለሽ ማነው?" አሉ ሃጂ ማሃሙድ።

"ማንም። የኔ ማስረጃ ነው።"

"የእሱ ማስረጃ ነው" አሉና ካርዱን መለሱላት። "የሱጉሌ ምልክት ፈረሱ ላይ አለ። የቆየ ነው ብሎ ዶክተሩ ጽፏል። እኔ ምን ልጨምርበት? ነገ ማታ ፈረሱን አስረክቢው።"

በማግስቱ ጠዋት ደሃቦ ፈረሱን እየጎተተች ክሊኒኩ በር ላይ ቆመች። ሀብተየስ ጓንት እያጠበ ነበር።

"ጋሼ ሀብተየስ፣ ምን አድርጌህ ነው?"

"ምን ሆንሽ?"

"በሰማያዊ ማህተም ፈረሴን ለሰው ሰጠህብኝ።" ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ስትጨርስ፣ "ሦስት ልጅ አለኝ። የሚያበላቸው ይህ ፈረስ ነው። እኔ መንዳት እንጂ መጎተት አልችልም" አለች።

ሀብተየስ እጁን አደረቀ። ወደ ፈረሱ ሄደ። አሁን ቅርቡ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ርምጃ ሳይሆን አንድ ክንድ። ክቡ ከብርጭቆ አፍ በለጥ ብሏል። ዳር ዳሩ ላይ ጠጉሩ በመቀስ እንደተቆረጠ ተሰብሯል። መሃሉ ላይ አመድ የመሰለ ቅርፊት አለ። በጥፍሩ ጫፍ ጫር አደረገው፤ ቅርፊቱ ከጠጉሩ ጋር ተነቅሎ መጣ። ስሩ ያለው ቆዳ ቀላ ያለ ነው። ፈረሱ አንገቱን ወደ ጣቱ ገፋ፤ አሳክኮታል ማለት ነው፣ እንዲያክለት ፈለገ። የተተኮሰ ቆዳ እንዲህ አያደርግም። የተተኮሰ ቆዳ ይጠነክራል፣ ያብረቀርቃል፣ ጠጉር አያበቅልም፣ አያሳክክም፤ ቢጭሩት የሚነሳ ነገር የለውም።

ጭርት ነው። ሕፃን ልጅ ራስ ላይ የሚወጣው ዓይነት። ሀብተየስ በዕድሜው ስንት መቶ ጭርት እንዳየ አያውቀውም። ከወንበሩ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ይህንንም ያየው ነበር።

እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ።

"ምንድነው?" አለች ደሃቦ።

"በሽታ ነው። ይድናል።"

"ታዲያ ለምን ጠባሳ ብለህ ጻፍክ?"

ሀብተየስ ጓንቱን ገመድ ላይ አሰጣ። አንዱ ጣት ተገልብጦ ነበር፤ አቃናው።

"ሃጂ ማሃሙድን ጥሪያቸው" አለ።

ከሰዓት በኋላ ሃጂ ማሃሙድ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትለው ክሊኒኩ ግቢ መጡ። ሱጉሌም መጣ። ከማንም ቀድሞ ወደ ፈረሱ ሄዶ፣ ቀለበቱን በጣቱ ዞረው፣ ጉንጩን አንገቱ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆመ።

"ጭርት ነው" አለ ሀብተየስ። "ካንዱ ፈረስ ወደ ሌላው በጠፍርና በመቦረሻ ይተላለፋል። ሰውም ላይ ይወጣል። አትንካው፣ ሱጉሌ።"

"ከፈረሴ ሊያርቀኝ ነው" አለ ሱጉሌ ለሃጂው።

ሃጂ ማሃሙድ ካርዱን ከደሃቦ ተቀበሉ። "እዚህ ጠባሳ ይላል። የቆየ ይላል። አፍህን እንመን ወይስ ወረቀትህን?"

ሀብተየስ ካርዱን አየው። የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ። "ክሊኒኩ የሚጽፈው በጥድፊያ ነው" አለ። "ከሩቅ ሲታይ ጠባሳ ይመስላል።"

"ክሊኒኩ ተሳሳተ ነው የምትለው?"

"ክሊኒኩ ብዙ ፈረስ ነበረበት።"

ደሃቦ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። ሀብተየስ ወደ ግቢው ዛፍ አየ። ዛፉ ላይ ምንም አልነበረም።

"በሽታ ከሆነማ ቀላል ነው" አሉ ሃጂ ማሃሙድ። "ዙሪያውን በጋለ ብረት መክበብ ነው። ከዚያ አያልፍም። አባቴ የስንቱን ግመል በሽታ እንዲህ አቁመዋል።"

"ከከበቡት የሱጉሌ ምልክት ይሆናል" አለ ሀብተየስ።

ሃጂው አሰቡ። "እውነት ነው። ያን ጊዜ ለእሱ ልፈርድ ነው።"

"መድኃኒት ልቀባው። በሁለት ወር ጠጉሩ ይመለሳል። ያን ጊዜ ታያላችሁ።"

"ምልክቴን በመድኃኒት ሊያጠፋ!" ሱጉሌ ጮኸ። "ስሙ፣ ወላሂ! ፊታችሁ ቆሞ አጠፋዋለሁ ይላል!"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የተተኮሰ ምልክት ያድጋል?" ብሎ ጠየቀ።

"አያድግም" አለ ሱጉሌ። "አያቴ የተኮሰው ግመል አርጅቶ ሲሞት ምልክቱ ያው ነበር።"

"ጭርትስ?"

"ይሰፋል" አለ ሀብተየስ።

ሃጂ ማሃሙድ ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዙ። ቀለበቱ ላይ ከዳር እዳር ለኩና ቋጠሮ አሰሩበት። ክሩን ከቆባቸው ስር አስቀመጡት። "ሃያ አንድ ቀን ፈረሱ እዚህ ግቢ ይቆማል። ማንም አይቀባው፣ ማንም አይተኩሰው። ከቋጠሮው ካለፈ በሽታ ነው፤ የደሃቦ ነው። ካላለፈ ምልክት ነው፤ ሱጉሌ ይዞት ይሂድ።"

"እስከዚያ ልጆቼ ምን ይቅመሱ?" አለች ደሃቦ።

"ፈረሱን ያስቆመው ሱጉሌ ነው። በየጠዋቱ አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ያምጣ።"

ሱጉሌ እሺ አለ። ክርክሩን ካሸነፈ ፈረሱ ይመለስለታል፤ ወተት መከልከል ደግሞ ነውር ነው።

ሀብተየስ የጋሪውን ጠፍር፣ ልጓሙንና የጀርባውን ጨርቅ ለብቻ አስቀመጠ። ደሃቦን ሌላ ፈረስ ላይ እንዳታደርገው አስጠነቀቀ። ከዚያ ተቀምጦ በሽታ ሲሰፋ መጠበቅ ጀመረ። በሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎቱ እንዲህ ያለ ሥራ ተሰጥቶት አያውቅም። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አለ፤ አዮዲንም አለ፣ ድኝም አለ። በቀን ሦስት ጊዜ በመስኮቱ ያየዋል። አሁን ግን ከመስኮቱ አይቶ አይተወውም፤ ይወጣና ቅርብ ሄዶ ያያል። ፈረሱ አንገቱን ከምሰሶው ጋር ያፋትጋል። ሀብተየስ ምሰሶውን በጆንያ ጠቀለለው። ፈረሱ ጆንያውን ወደደው።

ሱጉሌ ከተማው ውስጥ አርፎ፣ ከመንደሩ በመኪና የሚላክለትን ወተት ይዞ በየጠዋቱ ይመጣል። ወተቱን ለደሃቦ ይሰጣል፤ እሷ ሳታመሰግን ትቀበላለች፣ እሱም ምስጋና ሳይጠብቅ ያልፋል። ከዚያ ፈረሱ ዘንድ ሄዶ ጉንጩን አንገቱ ላይ አሳርፎ ይቆማል። የሆነ ነገር ይነግረዋል። ሀብተየስ አንድ ቀን፣ "አትንካው ብዬህ ነበር" አለው።

"ፈረስ ነው፣ እሳት አይደለም።"

"እሳት ብትነካ ይሻልህ ነበር።"

"አንተ ጠባሳና ቁስል የማትለይ ሰው" አለ ሱጉሌ፣ "እኔን ትመክረኛለህ?"

ሀብተየስ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ፈረሱ ትከሻ ላይ ሁለተኛ ቀለበት ወጣ። ወሬው ሻይ ቤቱ ደረሰ። ደሃቦ ገለባ ይዛ ስትመጣ ሁለት ጋሪ ነጂዎች በር ላይ ቆመው ነበር።

"የሁለት ወገን ሆነ አሉ" አለ አንዱ።

"ጠብቁ" አለቻቸው። "የእናንተም ይወጣል፤ ቦታ አለው።"

ሱጉሌ ሁለተኛውን ቀለበት ሲያይ ብዙ ቆመ። አባቱ አንድ ብቻ ነበር የሚተኩሱት። በማግስቱ ግን ወተቱን ይዞ መጣ፤ በማግስቱም።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ሱጉሌ ፎጣውን ከአንገቱ እስከ አፍንጫው ጠምጥሞ መጣ። ቀኑ ሞቃት ነው፣ አቧራም የለም። ሀብተየስ አየው። በማግስቱም እንዲሁ ተጠምጥሞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ደሃቦ ወተቷን ይዛ እስክትሄድ ጠበቀና ሱጉሌን ወደ ክፍሉ ጠራው። በሩን ገርበብ አደረገው።

"ፍታው።"

"ጥርሴን አሞኝ ነው።"

"ፍታው፣ ሱጉሌ።"

ሱጉሌ ፈታው። በግራ ጉንጩ፣ ከቀዩ ጺሙ መሃል፣ አንድ ክብ ራቁቱን ቀርቷል። የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህላል። ዳሩ ላይ ጠጉሩ ተሰባብሯል፣ ቅርፊቱ ያመድማል። ሂናው ክቡን ከቦት እንደ ሥዕል አጉልቶታል። ሀብተየስ ሳይነካው ዞሮ አየው።

"ያሳክካል?"

"ያሳብዳል እንጂ።"

"ጆንያ ልጠቅልልልህ?"

ሱጉሌ አልሳቀም። ከዚያ ትንሽ ሳቀ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ይመለሳል?" አለ፣ ጺሙን እየነካ።

"ይመለሳል። እኔ ግን የማውቀው የፈረሱን ነው። መድኃኒት ቤት ሂድና ጭርት ነው በላቸው፤ የሰው ቅባት አለው። በእጅህ አትንካው፣ ፎጣህን ለማንም አትስጥ። ሂናውን ለጊዜው ተወው።"

ሱጉሌ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አጠፈ። "የኔ ፈረስ" አለ በመጨረሻ፣ "ስመጣ እጅጌዬን ይነክስ ነበር። ሁልጊዜ። እጅጌዬ ሁሉ የተቀደደ ነበር። ሚስቴ ትቆጣ ነበር። ይህኛው አይነክስም።"

"መቼ አወቅክ?"

"በመጀመሪያው ቀን። ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ረስቶኝ ይሆናል አልኩ። ያስታውስ ይሆናል ብዬ በየቀኑ መጣሁ።"

ሀብተየስ ወደ መድኃኒቶቹ አየ። እንዲህ ለሚል ሰው የሚሰጥ ነገር መደርደሪያው ላይ አልነበረም።

"ለሃጂ ማሃሙድ ትነግርብኛለህ?" አለ ሱጉሌ። "በፊታቸው ፎጣህን ፍታ ትለኛለህ?"

"የኔ ሥራ የፈረሱ ነው" አለ ሀብተየስ። "የአንተ ጺም ካርድ የለውም።"

በሃያ አንደኛው ቀን ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሁለቱ ጋሪ ነጂዎችም ሳይጠሩ መጡ። ሃጂ ማሃሙድ ክሩን ከቆባቸው ስር አውጥተው ቀለበቱ ላይ ዘረጉት። ቀለበቱ ከቋጠሮው ሁለት ጣት አልፏል። ስለ ምልክቱ የጠየቀው ሽማግሌ ራሱ መጥቶ ለካ። ሁለት ጣት ነው። ትከሻው ላይ ያለው ደግሞ ያን ቀን ጭራሽ አልነበረም።

ደሃቦ ትንፋሿን ለቀቀች።

"ቆይ" አሉ ሃጂ ማሃሙድ። "ክሩ አንድ ነገር ይላል፤ ወረቀቱ ሌላ ይላል። እኔ ዛሬ በክር ብፈርድ ነገ ሌላ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ክር ማህተም የለውም። ዶክተር፣ ይህን ወረቀት ክሊኒኩ ያርመዋል?"

ሀብተየስ ክሊኒኩን አየ። አንድ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ጥግ ላይ ዝጓል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር።

"ክሊኒኩ ግድግዳ ነው" አለ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከወንበሬ አልተነሳሁም። በመስኮት አይቼ ጠባሳ ብዬ ጻፍኩ። የቆየም ብዬ ጨመርኩ፤ ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ሳላየው ነው የጻፍኩት።"

ጋሪ ነጂዎቹ ጠጋ አሉ። ሃጂ ማሃሙድ ወደ ሶማሊኛ መተርጎም አላስፈለጋቸውም፤ ሀብተየስ የተናገረው በሶማሊኛ ነበር። ቢሆንም ለመሐላ ያህል፣ "ሳላየው ጻፍኩ ነው የምትለው?" ብለው ደገሙት።

"አዎ።"

"ይህን ትጽፈዋለህ?"

"እጽፈዋለሁ።"

በዚህ ጊዜ ሱጉሌ ተነሳ። ማንም ሳይጠይቀው ፎጣውን ፈታ። ጉንጩን ወደ ሃጂው አዞረ። ሃጂ ማሃሙድ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። ከጺሙ ወደ ፈረሱ፣ ከፈረሱ ወደ ጺሙ አዩ።

"ግራ አንገት አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ትንሽ ከፍ ብሏል። ሌላው ያው ነው።"

"ያው ነው" አለ ሱጉሌ። "አባቴ እኔን አልተኮሱኝም። ስለዚህ ይህም ምልክት አይደለም፣ ያም አይደለም። ፈረሱ የሷ ነው።"

"ታዲያ አንተ የማን ነህ?" አለ ከጋሪ ነጂዎቹ አንዱ።

"የኔ ነው" አለች ደሃቦ። "አንድ ዓይነት ምልክት አላቸው፤ የፈረሱ ካርድ ደግሞ እጄ ላይ ነው። አዴር፣ ጋሪ መጎተት ትችላለህ?"

"ወተቴን ስትጠጪ ከርመሽ!"

"ጠጥተናል፤ እውነት ነው። ልጆቼ ወፍረዋል" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አላህ ይስጥልኝ፣ አዴር" አለችው። ሃያ አንድ ቀን የቆየ ምስጋና ነበር።

ሀብተየስ መድኃኒቱን ከመደርደሪያው ያወረደው ሰዎቹ ሳይበተኑ ነው። ጓንት አደረገ። ቅርፊቱን በሞቀ ውሃና በሳሙና አርሶ አነሳው፤ የተነሳውን ሰብስቦ አቃጠለው። አዮዲን ቀባ። ሲደርቅ ድኝ በሞራ ለውሶ ከዳሩ ሁለት ጣት አሳልፎ ለቀለቀው፤ ጭርቱ ያለው ዳሩ ላይ ነው፣ መሃሉን ብቻ የሚቀባ ሰው ሲያባርረው ይኖራል። ጠፍሩንና ልጓሙን በመድኃኒት ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ሰቀለ። የጀርባውን ጨርቅና የምሰሶውን ጆንያ አቃጠለ። ፈረሱ ጆንያው ሲቃጠል ቆሞ አየ።

ደሃቦ በየሦስት ቀኑ ታመጣዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ዳሩ መስፋቱን አቆመ። በአራተኛው መሃሉ ላይ ለስላሳ ጠጉር ወጣ፤ ከሌላው ትንሽ የጠቆረ ነበር። ፈረሱ ጋሪ ላይ ተመለሰ። ሀብተየስ ለበላይ አለቃው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሳላይ ጻፍኩ የሚል ቃል በሁለተኛው መስመር ላይ አለ። አለቃው አንብቦ ፋይሉ ውስጥ አስገባው። ሀብተየስ ጡረታ ሲወጣ ፋይሉ ውስጥ ስሙ በክፉ የተነሳበት ወረቀት እሱ ራሱ የጻፈው አንድ ብቻ ሆነ።

በሁለት ወሩ ደሃቦ አዲስ ካርድ ልትወስድ መጣች። ሱጉሌ ጋሪው ላይ ተቀምጧል፤ በግ ሸጦ ወደ መናኸሪያ እየሄደ ነው። በግራ በኩል ከፊት። ጺሙ ሙሉ ነው፤ ያ ክብ ቦታ ብቻ ገና ሂና ስላልነካው ነጭ ነው።

ሀብተየስ ቅጹን ይዞ ወጣ። ወንበሩን ትቶ ፈረሱን ዞረው። ጋማውን ገለጠ። ቆዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። በሌላው በኩል ዞሮ እንደገና አየ።

"ስንት ጊዜ ትዞረዋለህ?" አለ ሱጉሌ። "መኪናው ያመልጠኛል።"

ሀብተየስ ሦስተኛ ዞረ። ከዚያ ካርዱን ጋሪው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ሞላው፤ ማህተሙን አሳርፎ ሰጣት።

"አንብብልኝ" አለች ደሃቦ። "የመጨረሻውን።"

"ልዩ ምልክት፣ የለም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አይቼዋለሁ።"

ካርዱን በላስቲክ ጠቀለለችው። ልጓሙን ነካ አደረገች፤ ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ሀብተየስ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። ሱጉሌ እጁን ዘርግቶ እጅጌውን ወደ ፈረሱ ሊያስጠጋ ሞከረ፤ ከተቀመጠበት አልደረሰም። እጁን ሰበሰበና መናኸሪያው እስኪደርሱ የፈረሱን አንገት እያየ ሄደ። እዚያ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።